ከእርድ የተረፈው ለማን ይጣላል? የማቆያ ግቢ ውሾችና ድመቶች አመጋገብና ክብደት

በዚህ የትምህርት ዓምድ ስለ በግ፣ ስለ ፍየል፣ ስለ ግመልና ስለ ሰንጋ ክብደት ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሳቸው ግን ማንም ነጋዴ ሚዛን ላይ አውጥቷቸው የማያውቅ ሁለት እንስሳት ናቸው፤ በማቆያ ግቢው በር ላይ የሚተኛው ውሻና በመኖ መጋዘኑ ውስጥ የምትዞረው ድመት። ከሞያሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከመተማ እስከ ሚሌ፣ ከብት በሚያድርበት ቦታ ሁሉ እነዚህ ሁለቱ አሉ። ቀለባቸው በማንም መዝገብ አይጻፍም። ውሻው ከእርድ የተረፈውን ይበላል፣ ድመቷ አይጥ ታድናለች፤ ሒሳቡ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። ውሻው የሚበላው ነገር በቄራ ሥጋ መርማሪው ቢላዋ ሥር ተመልሶ ይመጣል። ከዚያም በላይ በግቢው የሚሠራውን ሰውና ልጆቹን ያገኛል። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ለውሻና ለድመት ምን እንደማይሰጥ፣ የሚሰጠውስ ምን ያህል እንደሆነ። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ቢመስሉም በሥራ ላይ አንድ ናቸው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

“ይሄ ለሰው አይሆንም”

በማቆያ ግቢ እግሩ የተሰበረ ወይም መንገድ ያደከመው በግ ይታረዳል። ሥጋው ለሠራተኛው ይከፋፈላል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከታየ ግን “ይሄ ለሰው አይሆንም” ይባልና ለውሻው ይወረወራል። ይህ ልማድ ከኦሞ ሸለቆ እስከ ቱርካና፣ ከቦረና እስከ ሱዳን ጠረፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ከቸርነትም ከቁጠባም የመጣ ነው። ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ጽንሶች የሞሉበት ነው። ትሉ ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ይባላል። ሰው እንደሚያውቀው ረጅም ኮሶ አይደለም፤ ሙሉ ዕድገቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በውሻው ዓይነ ምድር ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። አንድ ውሻ በሺዎች የሚቆጠር ትል በአንጀቱ ተሸክሞ ጤነኛ ይመስላል፤ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ጸጉሩም ያበራል። ከረጢቱን ከበላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ በሣር፣ በመኖ፣ በመጠጫ ገንዳና በራሱ በውሻው ጸጉር ላይ ይቀራል። በጉ፣ ፍየሉ፣ ግመሉና ላሙ ከመኖው ጋር ይውጡታል፤ በሳንባቸውና በጉበታቸው ላይም አዲስ ከረጢት ማደግ ይጀምራል። ሰው ደግሞ ውሻውን በዳሰሰበት እጁ ሲበላ ይወስደዋል። በሰው ላይ ከረጢቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚኖሩ የቱርካና አርብቶ አደሮች በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከበዛባቸው ሕዝቦች መካከል ስለሆኑ አምሬፍ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚያ የቁጥጥር ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። እነዚያ አካባቢዎች የእኛው የከብት መስመር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ከዚህ ትል ሌላ ከውሻ ወደ በግ የሚተላለፉ ዘመዶቹም አሉ። አንደኛው እረኞች አዙሪት የሚሉትን በሽታ ያመጣል፤ በጉ ራሱን አዘንብሎ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ የበግ ጭንቅላት የሚወረወርለት ውሻ የሚያዘው በዚህ ነው። ሌላው በሞራው ላይ እንደ ፊኛ የተንጠለጠለ ውሃ የሞላበት ከረጢት ያበጃል፤ ወደዚያ ሲጓዝም ጉበቱን እየሰነጠቀ ያልፋል።

እዚህ ላይ ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ያነሳል፦ “የእኔ በግ በማቆያ የሚቆየው ሦስት ሳምንት ነው። ዛሬ እንቁላል ቢውጥ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚታይ ከረጢት አያበቅልም። ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?” ስለ ሃይዳቲድ ከረጢት ከሆነ አባባሉ ልክ ነው። ከረጢቱ በዝግታ ስለሚያድግ ዛሬ በሞጆ ወይም በቢሾፍቱ ቄራ የሚወገድባችሁ ጉበት ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የሌላ ሰው ውሻ ያበላሸው ነው። የእናንተ ውሻ የሚያበላሸው ደግሞ የሌላውን ነው። በኢኮኖሚክስ እንዲህ ያለው ኪሳራ በጣም አስቸጋሪ ከሚባሉት ነው፤ የሚያደርሰውና የሚከፍለው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ማንም ለመከላከሉ ገንዘብ አያወጣም። ሁሉም የጎረቤቱን ውሻ ዕዳ ይከፍላል።

ይሁን እንጂ በሦስት ጉዳዮች ዕዳው በቀጥታ ወደ እናንተ ይመለሳል። ግቢያችሁ ውስጥ ሳምንታት የቆየ ጠቦት ብዙ እንቁላል ከዋጠ በአዙሪቱ ትል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊታመም ይችላል። ለእርባታ የምትሸጧቸው ጊደሮችና እናት በጎች ከእናንተ ዘንድ የወሰዱትን ይዘው ወደ ደንበኛችሁ ይሄዳሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሠራተኛው ነው። እሱ የሚኖረው በግቢው ውስጥ ነው፤ ውሻውን የሚዳስሰውም፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የሚቆርሰውም እሱ ነው።

ወጪውን ራሳችሁ አስሉት። እንበል 300 በግ ልካችሁ የ30ዎቹ ጉበት ተወገደ፣ አንዱ ጉበት 400 ግራም ቢሆን 12 ኪሎ ጉበት ነው። ያንን በአካባቢያችሁ ዋጋ አባዙት። በሌላ ወገን የሁለት ውሾች የትል መድኃኒት በየ6 ሳምንቱ ቢሰጥ በዓመት 9 ጊዜ ያህል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። በመንገዳችሁ ያሉ አሥር ነጋዴዎች እኩል ቢያዋጡ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል እንደሚያንስ ትመለከታላችሁ።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለበግ የገዛችሁት አልቤንዳዞል ወይም የአይቨርሜክቲን መርፌ ይህን ትል ከውሻው አያጸዳም። የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑም በኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ማለትም 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ሚሊ ግራም። ለውሻ የሚዘጋጀው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ስላለው ሦስት ፍሬ ይሆናል። የእንስሳት ሐኪማችሁ ያረጋግጥላችሁ። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ውሻው መድኃኒት በወሰደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ታስሮ ይቆይ፤ ዓይነ ምድሩ በአካፋ ተሰብስቦ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ይህ ካልተደረገ መድኃኒቱ እንቁላሉን ሁሉ በአንድ ቀን ግቢው ላይ ዘረገፈው ማለት ነው።

በሶማሌ፣ በአፋርና በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በኩል ያሉ አንባቢዎቻችን “እኛ ውሻ ግቢያችን አናስገባም” ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ባለቤት የሌለው ውሻ ሌሊት በአጥር ሥር ይገባል፤ የሚያስገባውም የተጣለው ሳንባ ነው። ለእናንተ የሚያስፈልገው ጥልቅ ጉድጓድና ጠንካራ ክዳን ነው። ክዳን የሌለው ጉድጓድ ለውሻና ለጅብ ገበታ ነው።

ሆድቃ ለውሻ መስጠት ግድ ከሆነ በትናንሹ ተቆርጦ ይቀቀል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ የሥጋው መሃል 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ 10 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ግቢ ይህ ማለት በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። በእሳት ላይ ለበለብ አድርጎ መስጠት አይበቃም። በረዶ ቤት ያላችሁ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን አቆዩት።

የእንግዴ ልጅም በዚሁ ሕግ ይታይ። ላም ስትወልድ ወይም ስትጨነግፍ የወጣውን ውሻ ከበላው ኒኦስፖራ የሚባል ጥገኛ ሊይዘው ይችላል፤ ከዚያም በዓይነ ምድሩ መኖውን ይበክላል፤ ላሞቹም በአብዛኛው በእርግዝናቸው አጋማሽ አካባቢ ይጨነግፋሉ። የቦረና ጊደር ለእርባታ ለሚያሻግር ነጋዴ ይህ ከጉበት ኪሳራ ይበልጣል።

የምትዳስሱት ጎድን

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። ከላይ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው፦ በልክ ያልተቀለበ ውሻ ቀለቡን ራሱ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የተራበ ውሻ ክዳን ይገፋል፣ አጥር ይቆፍራል። ስለዚህ “ውሻ ከተራበ በደንብ ይጠብቃል” የሚለው አባባል ለነጋዴ አያዋጣም።

በሌላ በኩል በማድለቢያ ግቢዎች የማያቸው ውሾች ብዙዎቹ ከሰንጋው ጋር አብረው የደለቡ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ታስረው ይውላሉ፤ ሞራ፣ ላትና የሠራተኛ ቅሪት ይወረወርላቸዋል። እንዲህ ያለ ውሻ መገጣጠሚያው ይታመማል፣ ሙቀት አይችልም። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ስብ ሲጨመርበት በሚሌ ወይም በበርበራ ቀትር መሞት ሩቅ አይሆንም። ጅብ ሲመጣም ይጮኻል እንጂ አይነሳም።

በግ ስትገዙ ወገቡን ትዳስሳላችሁ፣ ላቱን ትመዝናላችሁ። ያው እጅ ለውሻም ይሠራል። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ በሌላው እጅ ዳስሱ፤ አጥንቶቹ ስስ ልብስ እንደለበሱ ይሰማችኋል። የደህና ውሻ ጎድን እንደዚያ ነው፤ ሳትጫኑት ይቆጠራል። ጡጫ ጨብጣችሁ የጣታችሁን መገጣጠሚያ ስትዳስሱ እንደሚሰማችሁ ከሆነ ከስቷል። የመዳፋችሁን ውስጥ ከመሰለ ወፍሯል። ከላይ ሲታይ ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት፤ ከጎን ሲታይ ሆዱ ወደ ላይ ሰብሰብ ይላል። ሐኪሞች ይህን ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጡታል፤ ለውሻ 4 ወይም 5 ደህና ነው፤ ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ወደ 10 በመቶ ትርፍ ክብደት ነው ተብሎ ይገመታል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። 36 ኪሎ የሚመዝን፣ ነጥቡ 7 የሆነ ውሻ አለ እንበል። ትርፉ 20 በመቶ ያህል ስለሆነ ተገቢው ክብደቱ 30 ኪሎ ነው። ለመክሳት በቀን የሚያስፈልገው ጉልበት በቀላሉ የሚሰላው ተገቢውን ክብደት በ30 አባዝቶ 70 በመደመር ነው፤ ማለትም 970 ኪሎ ካሎሪ። 150 ግራም የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ወደ 540፣ 200 ግራም በደንብ የተቀቀለ ሳንባ ወደ 240፣ 20 ግራም ዘይት 180 ይሰጣል፤ ድምሩ 960 ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩበት፤ ሥጋና እህል ብቻውን የካልሲየም ድሃ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሆን ቀለብ ሲፈለግ ሐኪም ያስተካክለው። ይህን በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ከቀነሰ በ12 ሳምንት 30 ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀለቡ በግማሽ ያህል ይጨመርለታል። በሳምንት ከክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ አይክሳ። ሚዛን ደግሞ የጠቦቱ ሚዛን አለ፤ ካስቸገረ ሠራተኛው ውሻውን ተሸክሞ ይውጣና የራሱን ክብደት ይቀንስ።

ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ጉርሻ ይበላሻል። 100 ግራም የላት ስብ ከ700 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስለሆነ ከዚህ ውሻ የቀን ቀለብ ሦስት አራተኛውን ይይዛል። ብዙ ሠራተኛ ባለበት ግቢ እያንዳንዱ “ትንሽ ነው” እያለ የሚጥለው ተደምሮ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቀላቢው አንድ ሰው ይሁን፣ መስፈሪያውም አንድ ቆርቆሮ።

ልፋቱ የሚያስገኘው ነገርም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ ጥናት 48 የላብራዶር ውሾች ዕድሜ ልካቸውን ተከታትለው ነበር፤ ከጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት በመካከለኛ ግምት 1.8 ዓመት የበለጠ ኖረዋል። ጥሩ ጠባቂ ውሻ ለማሠልጠን የሚፈጀውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው የሁለት ዓመት ያህል ተጨማሪ አገልግሎት ምን እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ድመቷና መጋዘኑ

ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ሥጋ ካልበላች አትኖርም፤ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከእንስሳት ሥጋ ካላገኘች ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። እንጀራና ወተት ብቻ የሚሰጣት የመጋዘን ድመት የምትኖረው በአይጦቹ ቸርነት ነው። ጉበት ብቻ በየቀኑ መስጠትም ልክ አይደለም፤ ቫይታሚን ኤ በዝቶባት የአንገቷ አጥንት ሊጣበቅ ይችላል። የጠገበች ድመት አታድንም የሚባለውን አትመኑ፤ ድመት ጠግባም ታድናለች።

የወፈረች ድመት ስታጋጥማችሁ አታስርቧት። ሁለት ሦስት ቀን ምግብ የተከለከለች ወፍራም ድመት የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ጎርፎ ልትሞት ትችላለች። በሳምንት 1 በመቶ መቀነስ ይበቃታል።

ለነጋዴው የድመት ትልቁ ጉዳይ ቶክሶፕላዝማ ነው። ጥሬ ሥጋ ወይም አይጥ የበላች ወጣት ድመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛት ከ1 እስከ 3 ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠር የጥገኛውን እንቁላል መሰል ዘር ትጥላለች። በፉርሽካው ክምር ላይ ከተጸዳዳች እናት በጎችና ፍየሎች ይጨነግፋሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ለአደጋ ይጋለጣሉ። አንዴ ይዟት የዳነች ድመት አብዛኛውን ጊዜ መልሳ አትጥልም። ስለዚህ በየዓመቱ ግልገል ከሚፈለፈልበት መጋዘን አንድ ሁለት የተኮላሹ ጎልማሳ ድመቶች ያሉበት ይሻላል። መኖው በሸራ ይሸፈን፤ የምትጸዳዳበት አሸዋ ለብቻ ይቀመጥላትና በየቀኑ ይነሳ፤ ዘሩ መርዛማ ለመሆን ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል።

ከመጋዘኑ ወደ ሳህኑ

“ለሰው አይሆንም” የሚለው ቃል መንትያ አለው፤ “ለከብት አይሆንም።” የሻገተ በቆሎ ወይም የለውዝ ፋጉሎ ለሰንጋው ከተከለከለ በኋላ ተቀቅሎ ለውሻው ይሰጣል። ውሻ ግን ለአፍላቶክሲን ከሰንጋ ይልቅ ስስ ነው፤ ጉበቱን ይመታዋል። መቀቀል ሻጋታውን እንጂ መርዙን አያጠፋም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በተበከለ በቆሎ የ125 ሰዎች ሕይወት ያለፈው በበሰለ ምግብ ነው። የሻገተውን አቃጥሉት።

በማድለቢያና በዶሮ መኖ ውስጥ የሚቀላቀለው ሞነንሲንም ለውሻ መርዝ ነው፤ ከረጢቱን የላሰ ውሻ የኋላ እግሩ ሊዝል ይችላል። ግመል ወይም ፈረስ ያላችሁ ደግሞ ይህን መኖ ከእነሱም አርቁ፤ ለሁለቱም እጅግ አደገኛ ነው። በመጋዘን ዚንክ ፎስፋይድ የምትረጩ ከሆነ የሞተችውን አይጥ ድመቷ ሳታገኛት አንሷት።

ከምሳ የተረፈ ወጥም አለ። የእኛ ወጥ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት በጥሬውም በበሰለውም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳት ይበቃል፤ ይህ በአንድ ጭልፋ ወጥ ውስጥ ያለ ነው። የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል። ሠራተኛው ራሱን ሲያመው የሚውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላታል፤ “ታማለች” ብሎ ግማሽ ፍሬ የሚሰጥ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው።

በመጋዘኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በኖራ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ውሻው መጨረሻ ፕራዚኳንቴል የወሰደበት ቀን፣ የሚቀጥለው ቀን፣ የመጨረሻው ሚዛኑ። ግቢውን የሚረከበው ሰው ሲቀየር ከቁልፉ ጋር እሱንም ያሳዩት።